«፫» አሃዝ ነው፣ ግን አይቆጠርም፦ ያልተጠበቀ የድር ጥያቄን በኮድ ስለ መቀበል

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ «፫» የሚለውን ምልክት ይዘው ሁለት ነገር ይሞክሩ። መጀመሪያ አሃዝ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ፤ ቋንቋው «አዎን፣ አሃዝ ነው» ይላል። ቀጥለው ወደ ሙሉ ቁጥር እንዲቀይርልዎ ይዘዙት፤ አሻፈረኝ ብሎ ስህተት ይጥላል። ሁለቱም መልሶች በየራሳቸው ትክክል ናቸው። ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮድ ቁጥር የሚሰጠው የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን የግዕዝ ቁጥሮች አሃዝ ብሎ ይመዘግባቸዋል፤ ከ0 እስከ 9 እንዳሉት በቦታ ዋጋ የሚነበቡ አስርዮሽ አሃዞች ግን አይላቸውም። በዐረብኛ ጽሑፍ የሚሠራባቸው አሃዞች ደግሞ ሁለቱንም ፈተና ያልፋሉ።

ኮዱን የጻፈው ሰው «አሃዝ መሆኑን አጣርቼ ነው የቀየርኩት» ብሎ ቢምል አልዋሸም። ያጣራው አንድ፣ የቀየረው ሌላ መሆኑን ግን አላስተዋለም። በሁለቱ መካከል ባለችው ቀዳዳ አንዲት ምልክት ሾልካ ትገባና አገልግሎቱ 500 (ሰርቨሩ ራሱ ተሰናክሏል የሚል የድር መልስ ቁጥር) ብሎ ይወድቃል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለዚያች ቀዳዳ ነው።

እንደ ምሳሌ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ማስያዣ አገልግሎት እንውሰድ። ከተጠቃሚው የሚመጣው ስም፣ የሰው ብዛት፣ ቀንና አስተያየት ነው። አራት መስክ ብቻ።

ከሥራው በፊት አንድ ነገር እንስማማ። በአሳሹ ላይ ያለው ቅጽ የሚያደርገው ማጣሪያ ለተጠቃሚው የተደረገ መስተንግዶ ነው እንጂ ዘበኛ አይደለም። ጥያቄ ለመላክ ቅጹ አያስፈልግም። ያልተጠበቀ ግብዓት ሁሉ ከጠላት የሚመጣ እንዳይመስልዎ፤ ከዓመት በፊት የተጫነ የስልክ መተግበሪያ፣ ድረ ገጽን የሚቃኝ ሮቦት፣ ከሰነድ ገልብጦ የለጠፈ ተጠቃሚ፣ መካከል ላይ ሆኖ ጥያቄውን ያሻሻለ ሌላ ሰርቨር፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ምንም ክፋት ኮድዎን ሊጥሉት ይችላሉ።

ጥያቄ ወደ እርስዎ ሲመጣ ባይት ነው። ከባይት ጽሑፍ ይሆናል፣ ከጽሑፍ መዋቅር፣ ከመዋቅር የታወቀ ዓይነት ያለው እሴት፣ በመጨረሻ ትርጉም። እያንዳንዱ መሸጋገሪያ የራሱ «አይሆንም» ያስፈልገዋል። ደረጃዎቹም በዚሁ ቅደም ተከተል የተቀመጡ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከማንበብዎ በፊት ይለኩ

የማስያዣ ጥያቄ ከጥቂት ኪሎባይት አይበልጥም። ጣሪያውን 64 ኪሎባይት ቢያደርጉት እንኳ ለጋስ ነዎት፤ ከዚያ ያለፈውን 413፣ ማለትም «በጣም ትልቅ ነው»፣ ብለው ይመልሱ። ላኪው በራስጌው ላይ «መጠኔ ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚያስታውቀውን ቁጥር እንደ ቃል ኪዳን አይውሰዱት። የድር መነጋገሪያ ደንብ የሆነው ኤችቲቲፒ የጥያቄውን አካል እየቆራረጡ መላክን ስለሚፈቅድ ቁጥሩ ከነአካቴው ላይኖርም ይችላል። ስለዚህ እያነበቡ ይቁጠሩ፣ ጣሪያው ላይ ሲደርሱ ያቁሙ። የታመቀ አካል የሚቀበሉ ከሆነ መቆጠር ያለበት ከተፈታ በኋላ ያለው መጠን ነው፤ ሲመጣ ትንሽ የነበረው ሲፈታ ማህደረ ትውስታውን ሊሞላው ይችላል።

የባይት መጠን ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በርሊን ውስጥ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳዩ። የመስኮቹ ስሞች ሆን ተብለው ከተመረጡ ሁሉም በሃሽ ሰንጠረዡ (ኮዱ መስኮችን በስማቸው ፈልጎ በሚያገኝበት ማስቀመጫ) ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይከመራሉ፤ እዚህ ግባ የማይባል መጠን ያለው ጥያቄ ፕሮሰሰሩን ለረጅም ጊዜ ያስረዋል። ችግሩ ፒኤችፒን፣ ጃቫን፣ ፓይተንንና ሌሎችንም ይነካ ነበር። ፒኤችፒ ከዚያ ወዲህ በአንድ ጥያቄ የሚቀበላቸውን መስኮች በነባሪነት በ1000 ወሰነ። የእኛ ቅጽ አራት መስክ ነው ያለው፤ 20 ብንፈቅድ ይበቃል።

የጥልቀት ጣሪያም ያስፈልጋል። ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ፣ እሱም በሌላ ዝርዝር ውስጥ እያለ አሥር ሺህ ጊዜ የተቀፈቀፈ ጄሰን (መረጃ በስምና በእሴት የሚጻፍበት የተለመደ ቅርጽ) በባይት ሲለካ ትንሽ ነው፤ ራሱን እየጠራ የሚሠራን ተንታኝ ግን ይጥለዋል። ፓይተንም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከ4300 አሃዝ በላይ የሆነን ጽሑፍ ወደ ሙሉ ቁጥር አልቀይርም የሚለው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ አሃዙ ሲበዛ የመቀየሩ ሥራ ከርዝመቱ በበለጠ ፍጥነት ይከብዳል። የጊዜ ገደብ ማበጀትም አይርሱ። በየጥቂት ሴኮንዱ አንድ ባይት እየጣለ መስመሩን ይዞ የሚቀመጥ ላኪ አለ።

ደረጃ 2፦ ባይቱን አንድ ጊዜ ብቻ ይፍቱ

ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ፊደላት በባይት የሚጻፉበት ዘዴ) ነው ካሉ በጥብቅ ይፍቱት። ብዙ ቋንቋዎች «ያልገባህን ባይት ዝለለው» ወይም «በጥያቄ ምልክት ተካው» የሚል አማራጭ አላቸው፤ ለድር ጥያቄ ሁለቱንም አይጠቀሙ። የተዘለለ ባይት ማጣሪያውን ያለፈውን ቃል ወደ ሌላ ቃል ሊቀይረው ይችላል፤ የተተካ ባይት ደግሞ የሰውን ስም አበላሽቶ ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ዋናው ፊደል የነበረውንም ማንም መልሶ አያገኘውም። ያልተፈታ ከሆነ 400፣ ማለትም «ጥያቄው የተበላሸ ነው»፣ ይበሉና ይለያዩ።

በአድራሻው ውስጥ የሚመጣው ጽሑፍ በመቶኛ ምልክት የተመሰጠረ ነው፤ የአማርኛ ጽሑፍ እያንዳንዱ ባይት በ% እና በሁለት ምልክት ይጻፋል። «ሰላም» 3 ፊደል፣ 9 ባይት፣ አድራሻ ላይ ሲጻፍ ደግሞ 27 ምልክት ይሆናል። ይህን የሚፈታው ብዙውን ጊዜ ፍሬምወርኩ፣ ማለትም ኮድዎ የቆመበት ዝግጁ ማዕቀፍ፣ ነው። ፍሬምወርኩ የፈታውን እንደገና መፍታት የቆየና አደገኛ ስህተት ነው፦ መጀመሪያ የተፈታው ጽሑፍ ይጣራል፣ ሁለተኛው መፍታት ግን ከማጣሪያው በኋላ ስለሚመጣ አዲስ ምልክት ይወልዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተሰራጨው ኒምዳ የተባለው ትል (ራሱን እያባዛ የሚዛመት ጎጂ ፕሮግራም) ከገባባቸው በሮች አንዱ የማይክሮሶፍት ድር ሰርቨር አድራሻን ሁለት ጊዜ መፍታቱ ነበር።

የመደመር ምልክትን በተመለከተ ደግሞ፣ በቅጽ ምስጠራ ክፍት ቦታ ማለት ነው። በዓለም አቀፍ ቅርጽ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ከፊቱ ባዶ ቦታ ይዞ ከደረሰዎ፣ ላኪው ምልክቱን ሳይመሰጥር ነው የላከው። ኢሜይል ውስጥም እንዲሁ ይከሰታል። «ይህ ባዶ ቦታ የመደመር ምልክት ነበር» ብለው እንዳይጠግኑት፤ ላኪው ኮዱን ያስተካክል።

ርዝመት ሲለኩ በምን እንደሚለኩ ይወስኑ። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው፤ 255 ባይት የሚይዝ ቦታ 85 ፊደል ብቻ ይይዛል። ኮዱ በፊደል ቆጥሮ ያሳለፈውን ዳታቤዙ በባይት ቆጥሮ ሊቆርጠው ወይም ሊጥለው ይችላል። ባዶው ምልክት፣ ማለትም የኮድ ቁጥሩ 0 የሆነው፣ ስም ውስጥም አስተያየት ውስጥም ምንም ሥራ ስለሌለው ካገኙት ይመልሱት።

ደረጃ 3፦ መዋቅሩን ሳይቆጥሩ አይግቡ

በመጀመሪያ ላኪው የላከው ምን ዓይነት እንደሆነ የሚናገረውን ራስጌ ያንብቡ፤ ጄሰን ጠብቀው ኤክስኤምኤል የተባለው ሌላ ቅርጽ ከመጣ 415፣ ማለትም «ይህን ዓይነት አልቀበልም»፣ ነው መልሱ። ጄሰኑ ከተበላሸ 400። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ያደርገዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ጄሰኑ ትክክል ሆኖ ሳለ ነው። ቁጥር 7 ብቻውን የተሟላ ጄሰን ነው፤ ባዶ ዝርዝርም እንዲሁ። ተንታኙ ያለ ቅሬታ ይመልስልዎታል፣ ቀጣዩ መስመር «ስም» የሚለውን መስክ ከ7 ላይ ሲፈልግ ይወድቃል። ስለዚህ ከትንተናው በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ስምና እሴት የያዘ መዋቅር ነው?» የሚል ይሁን።

የተደጋገመ መስክ ከሁሉ የባሰ ነው። በአድራሻው ላይ «ብዛት» ሁለት ጊዜ ቢመጣ፣ አንዴ 5 አንዴ 500፣ የትኛው ይያዛል? ፒኤችፒ የመጨረሻውን ይወስዳል። በጃቫ ሰርቭሌት (የጃቫ የድር ጥያቄ ተቀባይ) የተለመደው መጠየቂያ የመጀመሪያውን ይሰጣል። የማይክሮሶፍቱ ኤኤስፒ ዶት ኔት ሁለቱን በነጠላ ሰረዝ ያያይዛቸዋል። አንዳንድ የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርኮች ደግሞ ዝርዝር ያደርጉታል፤ ጽሑፍ ጠብቆ ወደ ትናንሽ ፊደላት ሊቀይር የመጣው ኮድ ዝርዝር ሲያገኝ ይሰበራል። አራት አካባቢ፣ አራት መልስ። ከፊት ያለው ሰርቨር 5ን አይቶ ካሳለፈ፣ ከኋላ ያለው 500ን ሊያስይዝ ይችላል።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። የጄሰን ደረጃ ሰነድ በአንድ መዋቅር ውስጥ ስሞች ባይደጋገሙ ይሻላል ይላል እንጂ ቁርጥ አድርጎ አይከለክልም። እ.ኤ.አ. በ2017 ካውችዲቢ በተባለው ዳታቤዝ ላይ የተገኘው ክፍተት የመጣው ከዚህ ልቅነት ነው። ፈቃድ የሚያጣራው ክፍል በጃቫስክሪፕት፣ ፈቃዱን በሥራ ላይ የሚያውለው ክፍል ኤርላንግ በተባለ ሌላ ቋንቋ የተጻፉ ነበሩ። ጥያቄው «ሚና» የሚለውን መስክ ሁለት ጊዜ ይዞ ሲመጣ አንዱ የመጨረሻውን፣ ሌላው የመጀመሪያውን አነበበ። አጣሪው ተራ ተጠቃሚ ሲያይ ሌላው አስተዳዳሪ አየ። የ«፫» ታሪክ እንደገና መጣ ማለት ነው፤ አንዱ ያጣራውን ሌላው አልተጠቀመበትም።

ውሳኔው ቀላል ነው፦ መደጋገም ያልተፈቀደለት መስክ ከአንድ በላይ ከመጣ 400። የቋንቋዎ ተንታኝ የተደጋገሙ ስሞችን በዝምታ የሚውጥ ከሆነ እንዲያሳውቅዎ የሚያደርገውን አማራጭ ይፈልጉ።

ደረጃ 4፦ ማጣራቱና መቀየሩ አንድ ይሁኑ

የሰው ብዛትን የሚያነብ ክፍል በተራ አማርኛ ይህን ይመስላል፦

ብዛትን_አንብብ (ጥሬ)፦
— ጥሬ ከሌለ፣ ስህተት፦ «ብዛት አልተላከም»
— ጥሬ ጽሑፍ ካልሆነ፣ ስህተት፦ «ብዛት አንድ ጽሑፍ መሆን አለበት»
— የጥሬ ርዝመት ከ1 እስከ 3 ካልሆነ፣ ስህተት
— ከ«0» እስከ «9» ካሉት አሥር ምልክቶች ሌላ ከያዘ፣ ስህተት
— ቁጥር = ጥሬን ወደ ሙሉ ቁጥር ቀይር
— ቁጥር ከ1 ካነሰ ወይም ከ200 ከበለጠ፣ ስህተት
— «የሰው_ብዛት» የተባለ ዓይነት ያለው እሴት መልስ

የመጨረሻው መስመር ትልቁን ሥራ ይሠራል። ከዚህ በኋላ ያለው ኮድ ጥሬውን ጽሑፍ ማየት የለበትም፤ የሚያየው «የሰው_ብዛት»ን ብቻ ነው፣ እሱም ሊፈጠር የሚችለው በዚህ በር ብቻ ነው። አስያዡ ክፍል እንደገና አያጣራም፣ ዋጋ አስሊውም አያጣራም። በአምስት ቦታ የተበተነ ማጣሪያ ውሎ አድሮ አምስት የተለያየ ማጣሪያ ይሆናልና።

አሥሩን ምልክቶች በስማቸው መጥራት የበዛ ጥንቃቄ ከመሰለዎ ቋንቋዎቹ በራሳቸው የሚያደርጉትን ይመልከቱ። ጃቫስክሪፕት ባዶ ጽሑፍን ወደ ቁጥር ሲቀይር 0 ይሰጣል፤ ሙሉ ቁጥር አንባቢው ደግሞ ከ12 በኋላ የፈለጉትን ፊደል ቢያስከትሉ 12 ብሎ ቀሪውን ይተወዋል። ፓይተን በ1 እና በ000 መካከል የሥር ሰረዝ ቢገባ 1000 ብሎ ያነበዋል። «እውነት» የሚለውን የቡሊያን እሴትም ሙሉ ቁጥር ነው ይለዋል፤ ጄሰን ውስጥ ብዛት ሆኖ ቢመጣ እንደ 1 ይቆጠራል።

አስርዮሽ ቁጥር ሲቀበሉ «ቁጥር አይደለም» የሚባለውን ልዩ እሴት ይፍሩ። ከማንኛውም ቁጥር «ያንሳል?» ወይም «ይበልጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ሐሰት» ስለሆነ፣ «ከ1 ካነሰ ተቃወም፣ ከ200 ከበለጠ ተቃወም» የሚለውን ኮድ በሰላም ያልፋል። «በ1 እና በ200 መካከል ከሆነ ተቀበል» ብለው ቢጽፉት ግን ይያዛል። ትልልቅ መለያ ቁጥሮችም በጃቫስክሪፕት ከ9007199254740991 ካለፉ በኋላ የመጨረሻ አሃዛቸውን ሊስቱ ይችላሉ፤ መለያ አይደመርም አይባዛም፣ በጽሑፍ መልክ ይላኩት።

ያልተላከ፣ «ምንም» ተብሎ የተላከና ባዶ ሆኖ የተላከ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አስተያየት መስክ ላይ ሦስቱንም «አስተያየት የለም» ብሎ መውሰድ ያስኬዳል። ብዛት ላይ አያስኬድም። በአንድ ወቅት እኔ ራሴ «ብዛት ከሌለ 1 ይሁን» ብዬ ጻፍኩ፤ አሳቢነት መስሎኝ ነበር። ከወራት በኋላ አዲስ የስልክ መተግበሪያ የመስኩን ስም በአንድ ፊደል ስቶ መላክ ጀመረ። ስህተት አልተመዘገበም፣ ማስጠንቀቂያ አልመጣም፣ ሁሉም ማስያዣ የአንድ ሰው ሆነ። የታወቀው አርባ ሰው ለአንድ ሰው የተያዘ ክፍል በር ላይ ሲሰለፍ ነው።

በዚህ ጉዳይ የቆየ ክርክር አለ። ከኢንተርኔት መሥራቾች አንዱ የሆነው ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1980 ባሰናዳው የቲሲፒ (የኢንተርኔት መረጃ ማጓጓዣ ደንብ) ሰነድ፣ ስንልክ ጥብቅ ስንቀበል ለጋስ እንድንሆን መክሮ ነበር። ኔትወርኮቹ ገና እርስ በርስ ለመነጋገር በሚታገሉበት ዘመን ምክሩ ሠርቷል። ዞሮ ዞሮ ግን ለጋሱ ተቀባይ የላኪውን ስህተት ሸፍኖ ያኖረዋል፣ ሌሎችም ያንን ስህተት ለመደገፍ ይገደዳሉ፤ የኢንተርኔት አርክቴክቸር ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሰነድ ይህንኑ ተችቷል። እኔ የምመርጠው ላኪው ምን ሊል እንደፈለገ ሳይገምት የተሳሳተውን ውድቅ የሚያደርግ ኮድ ነው። ከስም ዳርና ዳር ባዶ ቦታ መቁረጥ ይፈቀድ፤ ከዚያ ያለፈ ግምት አይፈቀድ።

ቀንን በአንድ ቅርጽ ብቻ ይቀበሉ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ በሰረዝ ተለይተው። ጃቫስክሪፕት በቁጥር የተሰጠውን ፌብሩዋሪ 30 ያለ አንዳች ተቃውሞ ወደ ማርች ያሻግረዋል። መከላከያው ከተቀየረ በኋላ ቀኑን መልሶ ወደ ጽሑፍ ለውጦ ከመጣው ጋር ማስተያየት ነው። ካልተመሳሰሉ ቀኑ የለም።

ስምን ግን ለቀቅ ያድርጉት። ርዝመቱን ይገድቡ፣ የማይታዩ የመቆጣጠሪያ ምልክቶችን ይከልክሉ፣ በዩኒኮድ ደንብ ወደ አንድ ወጥ ቅርጽ ያምጡት፤ ከዚያ በላይ ስለ ሰው ስም ኮድ የሚያውቀው የለም። ወጥ ማድረጉ «ፀሐይ»ን ከ«ጸሀይ» ጋር አንድ እንደማያደርግ ግን ይወቁ፤ ለዩኒኮድ የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (በጽሑፍ ውስጥ ቅርጽ የሚፈልግ ቀመር) ከተጠቀሙ የጽሑፉን ርዝመት አስቀድመው ይገድቡ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 የፕሮግራም ጸሐፊዎች መጠያየቂያ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው ለ34 ደቂቃ የወደቀው 20,000 ገደማ ተከታታይ ባዶ ቦታ የያዘ አንድ ጽሑፍ፣ ዳርና ዳር ለመቁረጥ የተጻፈውን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ስላስጨነቀው ነው። ባዶ ቦታ ብቻ!

ያልጠየቁት መስክ ቢመጣስ? ቢያንስ ወደ ዳታቤዝ አይሂድ። የመጣውን መዋቅር እንዳለ ለማስቀመጫው ከማሳለፍ ይልቅ አራቱን መስኮች በስማቸው እያነሱ ይገልብጡ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ሰው ኮድ በሚቀመጥበት በጊትሃብ ድረ ገጽ ላይ በማይገባው ቦታ የራሱን ቁልፍ ያስመዘገበው ቅጹ ያልጠየቀውን መስክ ጨምሮ በመላክ ነበር።

ደረጃ 5፦ መልስ መስጠትና መመዝገብ

500 ማለት «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ነው። በተጠቃሚው ግብዓት ምክንያት 500 ከሰጡ ሌሊት ተረኛውን በከንቱ ይቀሰቅሱታል። መዋቅሩ ካልተነበበ 400፤ ተነብቦ ይዘቱ ካልተስማማ፣ ለምሳሌ ብዛቱ 0 ከሆነ፣ 422 («አነበብኩት፣ ግን አልቀበለውም»)። ብዙዎች ሁለቱንም 400 ያደርጋሉ፤ ወጥ እስከሆነ ድረስ አልጣላም። የምጣላው ኮዱን ሁሉ በአንድ ትልቅ የስህተት ማጥመጃ ከበው የተገኘውን ሁሉ 400 ከሚሉት ጋር ነው። ያ የእርስዎን ስህተት በተጠቃሚው ላይ መለጠፍ ነው። የሚጠመደው የትንተና ስህተት ብቻ ይሁን።

የመስኮቹን ስህተት አንድ በአንድ ሳይሆን በአንድነት ይመልሱ፤ ተጠቃሚው አራት ጊዜ እንዳይመላለስ። የመስኩን ስምና የሚጠበቀውን ይንገሩት። የውስጥ የፋይል ስምና የኮድ ዱካ ግን አይውጣ።

በክንውን መዝገብ ላይ የጥያቄውን መለያ፣ የመስኩን ስምና የተጣሰውን ደንብ ያስፍሩ። ጥሬውን እሴት መጻፍ ካስፈለገ ያሳጥሩት፣ አዲስ መስመር የሚፈጥሩ ምልክቶችን ወደሚታይ ቅርጽ ይለውጡ፤ አለዚያ ላኪው በመዝገብዎ ውስጥ የሐሰት መስመር ይጽፋል። የይለፍ ቃል በምንም መልኩ አይመዝገብ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ዓለምን ያስጨነቀው የጃቫ መመዝገቢያ ክፍተት፣ ሎግፎርሼል የተባለው፣ የተመዘገበውን ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍቱ እንደ ትእዛዝ በማንበቡ የመጣ ነበር። ግብዓት መዝገብ ውስጥም ሆኖ ግብዓት ነው።

ደረጃ 6፦ በዝናብ መፈተን

ባርተን ሚለር የተባሉ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ1988 በዝናባማ ሌሊት በስልክ መስመር ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው ሲሠሩ፣ የመስመሩ ጫጫታ የላካቸው የተዘበራረቁ ምልክቶች የተለመዱ የዩኒክስ ፕሮግራሞችን እየጣሉ አስቸገሯቸው። ከዚያ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆን ብለው ዘፈቀዳዊ ግብዓት እየላኩ ሲፈትኑ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ፕሮግራሞች ወደቁ። ፈዚንግ የሚባለው የፍተሻ ዘዴ መነሻው ይህ ነው።

እርስዎም ይህን ያድርጉ። የፈተናው ደንብ አንድ ነው፦ ምንም ይላክ ምን 500 አይመለስ። ለእያንዳንዱ መስክ ያልተላከውን፣ ባዶውን፣ ዝርዝር የሆነውን፣ የተደጋገመውን፣ እጅግ ረጅሙንና ያልተሟላ ዩቲኤፍ-8 የያዘውን በእጅ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ቀሪውን ዘፈቀዳዊ አመንጪው ይሙላው። በሥራ ላይ አንድ እንግዳ ግብዓት ባገኙ ቁጥር ወደ ዝርዝሩ ይጨምሩት።

አገልግሎቱ አሮጌ ከሆነና ሰው እየተጠቀመበት ከሆነ ይህን ሁሉ ጥብቅነት በአንድ ሌሊት አይጫኑበት። አዲሱን አንባቢ ከአሮጌው ጎን ያስቀምጡና ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት «ይህን እመልሰው ነበር» እያለ ይመዝግብ እንጂ አይመልስ። ከመዝገቡ ማን ምን እየላከ እንደሆነ ያያሉ፤ የሳቱትን ላኪዎች ያሳውቁ፣ የእርስዎ ደንብ የተሳሳተበትን ያርሙ፣ ከዚያ መስክ በመስክ መመለስ ይጀምሩ። እኔ የምጀምረው ከብዛት ነው።